መጥረቢያውስ የታለ?



እኔ ልጆቼን በእጅ ጥልፍ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ዛሬ መርካቶ ውስጥ እኔ ቀናት የምለፋበትን የቀሚስ አንገት በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የጥልፍ መኪና በሰዓታት ይጨርሰዋል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሲቀሩ «መኪናው ሲሳዬን ወሰደው» ብዬ አማርሬ ነበር። ኋላ ግን አፈርኩ። ሲሳይ ሰጪው አላህ (ሱ.ወ) እንጂ መኪና አይደለም።

ይሁንና ተወኩል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እርሳቸውም ቤቱ የነበሩትን ጨርቅና ዋንጫ በ2 ዲርሃም ሸጡለት። በ1ዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በ1ዱ መጥረቢያ አስገዙት። እጀታውን በእጃቸው ገጥመው እንጨት እንዲለቅም ላኩት፤ ከ15 ቀን በኋላም 10 ዲርሃም አግኝቶ ተመለሰ።

ልብ በሉ! ምክር ብቻ አልሰጡትም። መጀመሪያ ቀለብ፣ ቀጥሎ መሣሪያ፣ ከዚያም ሥራ፣ በመጨረሻም ቀጠሮ ነው። እኛስ? ሥልጠና ይሰጣል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ መጥረቢያውስ የታለ? በ2014 የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይህን ቅደም ተከተል ቢያጤነው መልካም ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንትም ለችግረኛ ባለሙያ የመሣሪያ መግዣ ከዘካ እንዲሰጠው ፈቅደዋል። ታዲያ የመርካቶ ሀብታሞች ሆይ፣ ዘካችሁን በየደጁ በሳንቲም ከምትበትኑት ሥራ ለፈቱ ጠላፊዎች መኪና ብትገዙበት ምን ይከለክላችኋል?

እኔ በስተርጅና ኮምፒዩተሩን ልማር ተመዝግቤአለሁ። ዱዓ አድርጉልኝ።

ወላሁ አዕለም።