ስጦታ ይሰረቃል እንዴ?

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ከሰልባጅ ተራ የገዛትን ካናቴራ ለብሶ ቤቴ መጣ። ደረቱ ላይ በጥቁር ቀለም የተሣለ ሰውዬ አለ። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ግን ይጨፍራል። ዙሪያውን የተሠመሩት አጫጭር መስመሮች ጭራሽ የሚንቀጠቀጥ ያስመስሉታል።

«ይቺንማ እኔም እሥላታለሁ» አልኩት።

«እስቲ ሞክራታ ጋሼ!» ብሎ እስክሪብቶና ወረቀት አቀበለኝ። ሞከርኩ። የእኔ ሰውዬ መጨፈሩ ቀርቶ መቆምም አቃተው።

ሥዕሉ የአሜሪካዊው የኪት ሄሪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ተወልዶ በ1990፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ በኤድስ ምክንያት ያረፈ። ይሄ ሰው በቀለም ሲሥል አስቀድሞ በእርሳስ አይነድፍም ነበር። ቀለም ደግሞ በላጲስ አይጠፋም፤ ብሩሹ አንዴ ወረቀቱ ላይ ካረፈ አለቀ። ታዲያ ይሄን እጅ ከየት አመጣው? የሥዕል ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እኔ ግን ዋናው ትምህርት ቤቱ የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው ባይ ነኝ።

እዚያ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን ነበር። ሄሪንግ ከ1980 ጀምሮ ለዓመታት በነጭ ጠመኔ እነዚህ ወረቀቶች ላይ ሣለ፤ የሚድህ ሕፃን፣ የሚጮህ ውሻ። ፖሊስ ሳይደርስ መጨረስ ነበረበት። አንዳንዴ ይደርስበታል፤ ይያዛል፣ ይቀጣል፣ ተመልሶ ይሥላል። ለዚህ የከፈለው ሰው የለም። ሥራ የሚሄደውም፣ ከሥራ የተባረረውም ባቡሩን ሲጠብቅ በነፃ ያያል።

ስሙ ሲገንን ግን ወረቀቶቹን ከግድግዳ እየላጡ የሚሸጡ መጡ። እሱም በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ የጣቢያውን ሥዕል ተወ። በ2024 ከእነዚህ ሥዕሎች 31ዱ ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ ቀርበው በሚሊዮኖች ዶላር ተሸጠዋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። በነፃ የተሰጠን ነገር የወሰደ ሰው ሌባ ነው? ላጩ መልስ አያጣም። «ነገ አዲስ ማስታወቂያ ይለጠፍበት ነበር፤ እኔ አዳንኩት» ይላል። ውሸት ነው ልለው አልችልም። ዛሬ በእጅ የቀሩት ተልጠው የተወሰዱት ናቸው። ቢሆንም ስጦታው ለሚያልፈው ሁሉ ነበር። የተሰረቀው፣ እንደኔ፣ ሠዓሊው አይደለም፤ በሚቀጥለው ባቡር የሚመጣው ሰው ነው።

ሄሪንግ ራሱም በ1986 ሱቅ ከፍቶ ሥዕሎቹን በካናቴራ ላይ ሸጧል። «ነገደበት» ያሉት ብዙ ናቸው። አዎ፣ ነግዷል። ግን ላጩ የብዙ ሰውን ነገር የአንድ ሰው አደረገ፤ ካናቴራው የአንዱን ለብዙ ሰው አደረሰ። የእህቴ ልጅ ደረት ድረስ!

ይሄን ሁሉ የምቀባጥረው ንፁህ ሆኜ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍላችን ልጅ የሒሳብ አስተማሪያችንን በእስክሪብቶ ሥሎ ኮሪደር ላይ ለጠፈ። አፍንጫው ብቻ ግማሽ ገጽ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ማታ ላይ ማንም ሳያየኝ ነቀልኩት። «ጠዋት ዘበኛው ይቀደዋል» ብዬ ነው... ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። በማግስቱ ልጁ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። እኔና እሱን ካገላበጡ አይጦች በቀር ያየው የለም።

እሁድ ለእህቴ ልጅ አውጥቼ አሳየሁት። ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ልጁ አሁን የት ነው ያለው?» አለኝ።

የአባቱን ስም ባስታውስ፣ ባስታውስ፣ አልመጣልህ አለኝ።