ነገ የሚሆነውን ሳያውቁ በእግዚአብሔር ስለ መታመን

ብዙ ክርስቲያኖች በእግዚአብሔር እታመናለሁ ሲሉ፥ የፈራሁት ነገር አይደርስብኝም ማለታቸው ነው። ይህ ግን የራስን ምኞት የእግዚአብሔር ተስፋ ብሎ መጥራት ነው። ነገሩ እንዲገለጥልን፥ አንባቢ ሆይ፥ በአራዳ የሆነውን እናስብ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ሲወጡ ከተማይቱ ጠባቂ አጣች። የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፥ ብዙ ቤትም ተቃጠለ፤ በ27ኛው ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ንጉሡ ተመልሰው ገቡ። እኛ ሁለቱን ቀኖች ባንድ መስመር ስለምናነብ፥ እግዚአብሔር ቀኑን እንኳ ቈጥሮ መለሰ እንላለን። (ከተማይቱ ከኢጣልያ እጅ የወጣችው ግን መጋቢት 28 ቀን ነበር፤ በቀን ቍጥር ለሚመኩ ይህን አስታውሳቸዋለሁ።)

ሱቁ ተሰብሮ በደጁ የቆመው ነጋዴ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነበር። ብዙዎችም ሁለተኛውን ቀን ከቶ አላዩም። ሐውልታቸው ከአራዳ ጊዮርጊስ አቅራቢያ የቆመው አቡነ ጴጥሮስ ለጠላት አልገዛም ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረውም የሦስት ቀን ግድያ እጅግ ብዙ የከተማው ሰው አለቀ። የእግዚአብሔር ገዥነት የሚታወቀው በመልካም ፍጻሜ ብቻ ከሆነ፥ ለእነዚህ ሰዎች ገዥ አልነበረም ልንል ነውን?

በዳንኤል መጽሐፍ የሚገኙት ሦስቱ ወጣቶች አምላካቸው ከእሳት ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ከእቶኑ መውጣታቸው ነው። ለእኔ ግን ይህ ሁለተኛው ቃላቸው ይበልጥብኛል፤ በተናገሩት ጊዜ እሳቱን እንጂ መውጫውን አላዩምና።

ይህ ያለፉት ሰዎች ነገር ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ ለመንገድና ለኮሪደር ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ በዚያ የኖሩ ሰዎችም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ጎረቤት ከጎረቤት፥ ዕድርተኛም ከዕድርተኛ ተለየ። ልጁን የት እንደሚያስተምር፥ እንጀራውንም በምን እንደሚያገኝ ለሚጨነቅ ሰው «ሁሉ ለበጎ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይህን ቃል ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሲናገረው እምነት ነው፤ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሲናገረው ግን ስንፍና ይሆናል። እግዚአብሔር ይገዛል ማለትም ሰው የሚያደርገው ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ የአራዳን ሱቆች የዘረፈው ወንበዴ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ፈጸመ ተብሎ አይመሰገንም።

ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች ሐሰተኞች ነቢያት በቶሎ ትመለሳላችሁ ይሏቸው ነበር። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት እንደሚሆን ጻፈላቸው፤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ስለ ከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ደብዳቤው ከተነበበላቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ መመለሱን ሊያዩ አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ትከሉ ተባሉ።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ጎረቤትህ ወደማያውቀው ሰፈር ሲሄድ አብረኸው ሂድ፤ ዕቃውን አውርድለት፥ ለመጀመሪያው ቀንም እንጀራና ውኃ ይዘህለት ግባ። በዚህ ስፍራ ምን ይገጥመኝ ይሆን ብሎ ቢጠይቅህ አላውቅም በለው፥ ከእርሱም ጋር ጸልይ።