ቅባት የማይደርስበት ቦታ

በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ገበያ ቃሲል የማይገኝበት ቀን የለም። ከቁርቁራ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚፈጨውን ይህን ዱቄት ሴቶች በውሃ ለውሰው ፊታቸውን ይቀቡታል፤ እርድም ይቀላቅሉበታል። ጎኑ ላይ ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች ይሸጣሉ። መዋብ ሕመም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው የማያየውን ጠባሳ ወይም የአፍንጫ ጉብታ በመስታወት ሲፈልግ ሰዓታት የሚፈጅ፣ አፍሮም ከሰርግና ከትምህርት ቤት የሚቀር ወጣት ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ ይህን ስቃይ በ1891 እ.ኤ.አ. ለይቶ ስም ሰጠው። ዛሬ ከአባዜ ሕመሞች ጋር ይመደባል። ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል፤ ወንድ ሴት አይመርጥም። ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርስም ይችላል።

ሐርጌሳ ላይ የአእምሮ ሕመም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ሰንሰለት ነው። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘገባ በሶማሌላንድ ሕሙማን ታስረው እንደሚያዙ አሳይቷል። እንግዲህ የምትሰግድ፣ የምትሠራ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ራሷን ከእነዚያ ጋር እንዴት ትቁጠር? ወደ ቅባት ሻጩ ትሄዳለች። አቅም ያለው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ አፍንጫው ተስተካክሎ እንኳ ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ አይለቅም፣ ወይ ወደ አገጭ ይዞራል።

ሕክምናው ፊትን አይነካም። በንግግር ሕክምና ታማሚዋ የምትሸሸውን ነገር ጥቂት በጥቂት ትለማመዳለች፤ ልማዷንም ትቀይራለች፦ መስታወት ማየቱን መቀነስ፣ ስታይም ጠባሳውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፊቷን ማየት፣ «አስቀያሚ ነኝ?» ብሎ መጠየቁን መተው። ይህ የመጨረሻው ለቤተሰብም ከባድ ነው። እናት «ልጄ፣ ቆንጆ ነሽ» ስትል ፍቅሯን እየሰጠች ነው፤ ማጽናኛው ግን ለአንድ ሰዓት አሳርፎ ጥያቄውን መልሶ ያመጣዋል። የፊት መሸፈኛም በእምነት የተለበሰ እስከሆነ ድረስ ሐኪም የሚነካው ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ የሚሠራው በፍርሃቱ ላይ ነው።

ከንግግር ሕክምናው ሌላ መድኃኒትም አለ፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ይጠቀሳሉ። ፍሉኦክሰቲን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ የቆየ መድኃኒት ነው። ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ያለ መጠን ይጠይቃል፤ ለውጡ እስኪታይም 12 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ሰው ያሳዝነኛል፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። በተለይ ወጣቶች ሲጀምሩ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይበረታባቸው የሚከታተላቸው ያስፈልጋል።

ታማሚውን ከሐኪም በፊት የሚያገኙት ቅባት ሻጭና ፋርማሲስት ናቸው። ለአራተኛ ጊዜ ሌላ ቅባት ሊገዛ የመጣውን ልጅ «በቀን ስንት ሰዓት ስለዚህ ታስባለህ?» ብለው ቢጠይቁት እመኛለሁ። ሐኪሞችም ሲመረምሩ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ መልሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ልጁ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።