ሦስት ሐይቅ፣ አንድ ሸራ

አንድ ሠዓሊ ደማቅ ሥራዎቹን በተከታታይ ሰቅሎ ሲያሳይ ከተመልካች ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ይህን ሁሉ ቀለም ከየት አመጣኸው? ጠያቂው መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚጠይቀው። ከአበባው፣ ከሰማዩ፣ ከፀሐይ መግቢያው እንዲባልለት ይጠብቃል። ሻሸመኔ አቅራቢያ ባለችው በኩየራ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ መልስ ከደጁ አይርቅም። ከከተማዋ ተነሥቶ በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ዝዋይ የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኙ ሦስት ሐይቆች አሉት፤ የአንዱ መልክ ከሌላው አይገጥምም። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ወደ ታች የሚጠልቅ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነው። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃው በሸሸ ቁጥር ነጭ ዳርቻ ትቶ ይሄዳል። ላንጋኖ ደለሉ አልዘቅጥ ብሎ ክረምት ከበጋ ቡናማ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት እነዚህ ሦስቱ ከዝዋይ ጋር አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ሲጎድል ተለያዩ፤ ከተለያዩ በኋላ እያንዳንዱ የተኛበትን መሬት መልክ ያዘ።

እኔን ግን ከውሃው ይልቅ የሚያስተክዘኝ አብያታ ዳር የሚቆመው ፍላሚንጎ ነው። ጫጩቱ ግራጫ ሆኖ ይፈለፈላል፤ ሮዝነቱን ይዞ አይወለድም። ከሶዳው ውሃ ደቃቅ አልጌና ዓይን የማይሞላ ፍጥረት እያጣራ ሲበላ፣ በምግቡ ውስጥ ያለው ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ላባው ይገባል። ምግቡ ከተቋረጠበት ላባውን ሲቀይር ይገረጣል። የሠዓሊም ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ሸራው ላይ የሚፈነዳው ቀለም ትናንት በመስኮት ካየው ነገር ብቻ አይመጣም፤ ለረጅም ዘመን ከበላው፣ መብላቱንም ከረሳው ነገር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሠዓሊን ስለ ተመስጦው ስጠይቅ ምን እንዳየ መስማት አይበቃኝም፤ በምን እንዳደገ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ወደ ልቤ የሚመጣው ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ነው። ወሰኔ እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወለደ። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 ተመረቀ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን አስተምረውበት በነበረው በዚያ ግቢ፣ የአገርን ነገር በአዲስ ዓይን ማየት እንደሚቻል ለወጣቱ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ነበር። ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፤ ኑሮውን ካሊፎርኒያ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት በአክሪሊክ የሠራቸው ተከታታይ ሥራዎች፣ የቃላትን ቀለምና የቃላትን ጨዋታ የሚያነሡ ስሞች የተሰጧቸው፣ ሁሉም የሚነሡት ከአንድ ነገር ነው፤ ከፊደል።

ፊደል ለሁላችንም የልጅነት ምግብ ነው። የፊደል ገበታውን ፊት ለፊት ዘርግተው፣ በስንጥር እየጠቆሙ፣ ሀ ሁ ሂ እያሉ ያላለፉ ስንቶች ነን? በዚያ ዕድሜ ቅርጹን ልብ የሚል የለም፤ ዓይን ተጣድፎ ወደ ድምፁ ይሮጣል። የሐ ሦስት እግር፣ የሠ ወደ ላይ የተዘረጋ ክንድ፣ የመ ጥንድ ቀለበት፣ ሁሉም ሳይታዩ ይዋጣሉ። በብራና መጻሕፍት የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ መጻፉን ያየ ልጅ ደግሞ ፊደልን ከቀለም ለይቶ አያውቅም። ወሰኔ ያን የተዋጠ ነገር ሸራ ላይ መለሰው። ፊደሎቹ ይሳባሉ፣ ይገለበጣሉ፣ እግራቸው ይቆረጣል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይጋደማል። ጃዝ እያዳመጠ ይሥላል፤ ምቱ በመስመሩ ውስጥ ይሰማል።

እነዚህን ሥዕሎች የውጭ አገር ሰውና እኛ እኩል አናያቸውም። እንግዳው የሚያየው ቅርጽና ቀለም ነው፤ በዚያው ይረካል። እኛ ግን ፊታቸው ስንቆም ማንበብ እንጀምራለን። አንድ ለ እንይዛለን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ተዘቅዝቋል፣ ሦስተኛው ከወገቡ በታች በብርቱካን ቀለም ተሸፍኗል፤ ቃል ሊሆን ሲል ይበተናል። እምቢ ያለንን ቃል ስንተወው ብቻ ነው ቀለሙን ማየት የምንጀምረው። በዚህ ጊዜ በልጅነታችን ሳናየው ያለፍነው የፊደል ገላ ይታየናል። ለእኔ የወሰኔ ሥራ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከማንም ይልቅ ለእኛ የተሠራ ነው እስከማለት እደርሳለሁ።

ይህ ፊደልን በፊደል ላይ መደረብ በዘይት ቀለም እንዲህ በቀላሉ ባልሆነም ነበር። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሠዓሊያን እጅ የተስፋፋው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ግን ሳሳ ተደርጎ ከተቀባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ አያሟሟውም። በመሆኑም ሠዓሊው ዛሬ ጠዋት የጻፈውን ፊደል ከቀትር በፊት በሌላ ቀለም መሸፈን፣ የሸፈነውን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በቢላ ፋቅ አድርጎ የታችኛውን ማሳየት፣ በላዩም ደግሞ መጻፍ ይችላል። የታችኛው አይረበሽም። ሸራው የተጻፈበትን ሁሉ በሆዱ ይይዛል።

አክሪሊክን በቅርብ ለተመለከተው ሌላ ጠባይም አለው። ቀለሙን የሚይዘው ማጣበቂያ ርጥብ ሳለ ነጣ ይላል፤ ውሃው ሲተን ጥርት ያለ ይሆናል። ስለዚህ ብሩሹ ላይ ፈዘዝ ብሎ የታየው ሰማያዊ ሸራው ላይ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ቀዩም ይጠልቃል። ሠዓሊው የሚቀባው ዓይኑ የሚያየውን ቀለም አይደለም ማለት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነው። ይህን ለመገመት ብዙ ሸራ ማበላሸት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የመንፈስ ስጦታ የሚለው ነገር ግማሹ ይህ የእጅ ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ከኩየራ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሻሸመኔ የቀለም ነገር በተቃራኒው መንገድ መጥቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት በውጭ ዓለም ላሉ ጥቁር ሕዝቦች መሬት ሰጡ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ራስ ተፈሪያን ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች እየመጡ ሰፈሩበት። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ከእኛ ወስደው፣ ባሕር ማዶ በናፍቆት ተመግበውት፣ በአጥርና በበር ላይ ቀብተው መለሱልን። ከመካከላቸው ኃይሉ ተፈሪ የተባለው ሠዓሊ ቀለም ጭራሽ ሳይነካ፣ የደረቀ የሙዝ ቅጠልን በተፈጥሮ መልኩ እየቆረጠና እየለጠፈ ሥዕል ሲሠራ ኖሯል። ከቅጠሉ የሚወጣውን የቡናማ ዓይነት ብዛት ላየ ሰው በቱቦ የሚሸጠው ቀለም ያንሳል።

ታዲያ የኩየራ ልጅ የሚመገበው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት ከየአቅጣጫው ተማሪ ስለሚስብ ልጁ ብዙ ቋንቋ እየሰማ ያድጋል። ሌላው አገር በገበያ ሲተራመስ ቅዳሜን ሰንበት አድርገው፣ ለብሰው አምረው ወደ ጸሎት የሚሄዱ ሰዎችን ያያል። የድንች ማሳ ሲያብብ ነጩንና ሐምራዊውን፣ የአርሲ እናቶች ጨሌ አንገታቸው ላይ ቀዩን ከነጩ እያፈራረቀ ሲደረደር፣ መስከረም ላይ አደይ መንገድ ዳር ሲሞላ፣ ስንዴው ሲነጣ፣ የአህያ ጋሪ ያስነሣው አቧራ ባሕር ዛፉ ላይ ሲያርፍ ያያል። ይህ ሁሉ ሳይታወቀው ይገባል።

የሚያሳዝነኝ ይህን ሁሉ በልቶ ያደገ ልጅ ብሩሽ ሲይዝ የሌላ ሰው ማዕድ ሲቀዳ ነው። አዲስ አበባ ለእንግዳ የሚሸጡ ሥዕሎችን ተመልከቱ፤ አንገተ ረጃጅም ሴቶች፣ እንስራ፣ ላሊበላ፣ ሁሉም ከቱቦው እንደወጣ በተቀባ ደማቅ ቀለም። እጃቸው የተባ ሠዓሊያን ናቸው፣ ኑሮም ያስገድዳል፤ ግን ያ ድምቀት በማንም ደም ውስጥ ያላለፈ ድምቀት ነው። ከውጭ የሚመጣው አክሪሊክ ውድ መሆኑንም አውቃለሁ። የግድግዳ ቀለም በጣሳ ገዝቶ የሚለማመድ ወጣት ግን ሽፋን መደረብን፣ መፋቅን፣ ማድረቅን ከዚያው መማር ይችላል።

ከኩየራ የሚነሣ አንድ ተከታታይ ሥራ ማየት እመኛለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሸራዎች ደማቅ እንዳይሆኑ እጠረጥራለሁ፤ የድንች ማሳው አፈር ቡናማ ይበዛባቸው ይሆናል፤ ገዢም ቶሎ አያገኙ ይሆናል። ቢሆንም ሠዓሊው ቡናማውን ደጋግሞ ደርቦ፣ ፍቆ፣ በላዩ ጨሌውንና አደዩን ሲያወጣ፣ ቀዩና ቢጫው የሚቆሙበት መሬት ያገኛሉ።