ወንድምየው አልሰጥም ቢልስ?

ባለፈው እሑድ ጥቂት ጓደኛሞች ወደ አሞራ ገደል ወርደን የአሳ ሾርባ ስንጠጣ፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ወጣት ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። ሁላችንም ከኪሳችን ያለንን አዋጣን። መኪናው ከሄደ በኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ «ወንድም የለውም እንዴ? ለምን አንዱን አይሰጠውም?» አለ። እኛም «እውነት ነው» አልን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርሁ። ለመሆኑ ዐሥር ብር የሰጠ ሰው በሌላው ገላ ላይ ሊፈርድ ይችላልን?

ውድ አንባብያን፣ አስቀድመን ነገሩን እንረዳው። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ለሰውነት መልሰው ጥቂቱን በሽንት ያስወጣሉ። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ሲያደክማቸው ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱም 4 ሰዓት ያህል፣ በመሣሪያ ደሙን ያሳጥባል። ሌላው መንገድ ንቅለ ተከላ ነው። ይህም በአገራችን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ኩላሊቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነውና ጥያቄው በቤተሰብ ላይ ይወድቃል።

በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የተደረገው በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ነው። ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ አንድ ኩላሊቱን ሰጠ። በዋዜማው ሌሊት ታማሚው ሪቻርድ «ትተኸኝ ወደ ቤትህ ሂድ» የሚል መልእክት ልኮለት ነበር፤ ሮናልድ ግን አልሄድም አለ። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ያህል ኖረ፤ ሮናልድም በአንድ ኩላሊት ከ50 ዓመት በላይ ኖረ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሮናልድ መሄድ ይችል ነበር። የሰጠው ነገር ስጦታ የተባለውም ስለዚህ ነው። ዘመድ አዝማድ ከብቦ፣ ጎረቤት እየጠቆመ ያስወጣው ኩላሊት ግን ስጦታ ሳይሆን ግብር ነው።

«ነፍስ እየጠፋ ስለ ፈቃድ ታወራለህን?» የሚል ይኖራል። ሐቅ አለው። ሆኖም ለጋሹ ሳይታመም ለቀዶ ጥገና የሚተኛ ሰው ነው። ምናልባት ልጆች ያሳድጋል፤ ምናልባት እሱም የደም ግፊት ስላለበት ሐኪም ከልክሎታል። እኛ ከውጭ ሆነን ይህን አናውቅም። ደግሞም አልችልም ያለ ወንድም በሌላ መንገድ ሊረዳ ይችላል፦ ለእጥበቱ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሕመምተኛውን ያመላልሳል፣ አጠገቡ ይቀመጣል።

ይህ ደግሞ የእኛም ድርሻ ነው። አንድ ቀን አዋጥቶ ከመርሳት በየወሩ ጥቂት መስጠት ይሻላል። የገዛ ደም ግፊታችንንና ስኳራችንንም እንለካ። ሌላውን «ለምን አልሰጠህም?» ከማለታችን በፊት እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። እኔ ጠይቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን በድፍረት «አዎን» ለማለት አልቻልሁም።