ዘርና ቀለብ

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሚሴ ሳይደረስ፣ ሐርቡ የምትባል ከተማ አለች። መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት አይቷት ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አልፌያታለሁ። አንድ ጊዜ ግን በአንድ ወዳጄ ምክንያት ወርጄ፣ ከከተማዋ ወጣ ባለች መንደር፣ ከወዳጄ አያት ቤት አደርኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ማሽላው ታጭዶ አውድማ ገብቷል።

ማታ ቡና ሲፈላ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰባት ስምንት የማሽላ ራሶች በልጥ ታስረው ተሰቅለዋል። ጥላሸት ለብሰዋል። የከተማ ሰው ነኝና፣ «እማማ፣ እነዚህ ተረስተው ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ዘር እኮ ነው ልጄ! ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል» አሉኝ።

ቀጥዬ ያነሳሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «በ77ቱ ድርቅስ እንዲህ ተሰቅሎ ነበር?» አልኩ። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«በላነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቀጠሉ። «እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ አልነካም ብላ ነበር። ልጆቹ ሲያለቅሱ አወረደችው። ኋላ የእርዳታ ስንዴ መጣ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍን። ከዚያ ዝናቡም መጣ፤ መሬቱ ራሰ። የምንዘራው ግን አልነበረም። ልጄ፣ እኔ ድሀ መሆኔን ያወቅኩት የራበኝ ቀን አይደለም። ዝናብ ጥሎ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ ቀን ነው።»

ይህ ንግግር ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። በአማርኛችን ቀለብ የሚባል ቃል አለ። ወታደር ቀለብ ይሰፈርለታል፤ እስረኛ ቀለብ ይሰፈርለታል፤ አዳሪ ተማሪም እንዲሁ። ቀለብ ባለበት ሁሉ ሰፋሪና ተሰፋሪ አሉ። ዓይነቱን፣ መጠኑንና ሰዓቱን የሚወስነው ሰፋሪው ነው። ዘር የሚለው ቃል ደግሞ የሚዘራውንም እህል፣ የሚወለደውንም ትውልድ በአንድ ስም ይጠራል። ዘር ያለው ሰው ስለ መጪው ዓመት ሐሳብ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰውን ለመርዳት ቀለብ መስፈር ይበቃል? ወይስ የተራበ ሰው፣ ተርቦም ሳለ፣ ምን እንደሚዘራና ምን እንደሚበላ የመወሰን መብት አለው?

የከተማ ሰው መልስ ቶሎ ይመጣል፦ «የራበው ምን ምርጫ አለው? መጀመሪያ ይብላ!» በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አለ። ሕፃን እየሞተ ስለ መብት መፈላሰፍ የጥጋበኛ ጨዋታ ነው። ስንዴው ባይመጣ እማማም ይህን አይነግሩኝም ነበር። ነገር ግን «መጀመሪያ» ያለ ሰው «ቀጥሎ» የሚለውን ዕዳ አብሮ ይቀበላል። የእኛ ታሪክ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ ቆሞ የቀረ ነው።

ወሎን እንይ። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ9 ሺህ በላይ የማሽላ ዓይነቶችን መረመሩ። የፈለጉት ላይሲን የተባለው፣ በማሽላ ውስጥ እምብዛም የማይገኘው የፕሮቲን ክፍል የበለጸገበትን ነበር። ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የተወሰዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ይህን ዓይነት ማሽላ ቤተ ሙከራ ሳይገባ ያውቀዋል፤ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ፍሬው የተጨማደደ፣ ምርቱም አነስተኛ መሆኑን እያወቀ፣ እሸቱን ጠብሶ ለመብላት ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል።

ተመራማሪዎቹ ግኝታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ያ ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 መሆኑን ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ በፊልም ቀርጾ ለዓለም ያሳየው በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር ነው። ዘሩ በኢንዲያና ሲደነቅ የዘሩ ባለቤት በአውራ ጎዳናው ዳር ይወድቅ ነበር። ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራቸው መልካም ነበር። ነገሩ የሚያሳየን እውቀትም እህልም በአንድ አገር እያሉ ባለቤቱ ሊሞት እንደሚችል ነው።

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ረሃብ መርምረዋል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው፣ እህሉ አቅም ወዳለው ሄደ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ጎዳና ደግሞ ያው በሐርቡ የሚያልፈው ነው።

በ1977ቱ ረሃብ ቀለቡ ከፊተኛው በተሻለ መጣ፤ ውሳኔውም አብሮት መጣ። የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አሰፈረ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደው አልሄዱም። የማሽላና የጤፍ ገበሬ ዝናቡን፣ አፈሩንና አረሙን በማያውቀው ምድር እንደገና ተማሪ ሆነ።

«ቀጥሎ» የሚለውን ያሰቡም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ድርቁ ነባሩን ዘር ፈጽሞ ሳያጠፋው ለመሰብሰብ ሮጧል። ዶክተር መላኩ ግን ዘሩን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም የሚል እምነት ነበራቸው። በካናዳ የእርዳታ ድርጅት ድጋፍ፣ በወሎና በሸዋ ነባር ዘሮች በገበሬው ማሳ ላይ፣ በራሱ በገበሬው እየተመረጡ እንዲባዙ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው። እርሳቸው በገበሬው ውስጥ ያዩት ተረጂ ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ነበር።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ናቫሆዎች እ.ኤ.አ. በ1864 በጦር ኃይል ከምድራቸው ተነድተው ሲጋዙ፣ የበቆሎ ማሳቸውና የኮክ ዛፋቸው ወደመ። በግዞት የሚሰፈርላቸው ዱቄትና ስብ ነበር። ዱቄቱን በስቡ ጠብሰው በሉ። ያ የተጠበሰ ዳቦ ዛሬ በበዓላቸው የሚቀርብ የባህል ምግብ ሆኗል። ከመካከላቸው የሚኮራበትም የሚያዝንበትም አለ። ቀለብ ሲከርም እንዲህ የባህል ልብስ ይለብሳል።

ቪያ ካምፔሲና የተባለው ዓለም አቀፍ የገበሬዎች ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1996 «የምግብ ሉዓላዊነት» የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ሉዓላዊነትን እኛ የምናውቀው ለድንበርና ለሰንደቅ ዓላማ ነው። ለጎጆ፣ ለምድጃና ለማሽላ ራስ ሲሆን ቃሉ ይከብድ ይመስላል። ግን ድንበሩን የሚጠብቅ ሕዝብ የሚዘራውን ሌላ ሲወስንለት፣ የጠበቀው ምኑን ነው?

አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል፦ «የአያት ዘር ይህን ያህል ጠባቂ ከሆነ፣ ወሎ እርሱን ይዞ ለምን ተራበ?» ሙግቱ ቀላል አይደለም። ከነባሩ ማሽላ ብዙው በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይቆያል። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ሲመጥም የአያት ዘር ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። በዚያው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአገራችን ከተለቀቁት አንዱ «አብሽር» ይባላል። ለወሎ ሰው ከዚህ የሚጥም ስም ከየት ይመጣል!

ስለዚህ ዘር መሄዱም መምጣቱም በደል አይደለም። የእማማ የልጅ ልጅ ከማሳው ግማሹን ቶሎ የሚደርስ አዲስ ዘር ዘርቶበታል። እማማ አልተቃወሙም። «ይሞክረዋ!» አሉኝ፤ «የተሰቀለው እንደሁ እዚያው ነው።» እኔ የምፈልገው መልስ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አዲሱ እምቢ ቢል የሚመለስበት ያለው ሰው ሲሞክር ነፃ ነው። የሚመለስበት የሌለው ሰው ግን የቀረበለትን ሁሉ፣ ጥሩም ቢሆን፣ የሚቀበለው እንደ ቀለብ ነው። በደሉ ስንዴ መስጠቱ ወይም አዲስ ዘር ማምጣቱ አይደለም፤ የሰውየውን መመለሻ ሳይጠይቁ ማጥፋቱ፣ ወይም ሲጠፋ እያዩ ዝም ማለቱ ነው።

መመለሻው ደግሞ በየጊዜው ይፈተናል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንበጣ በዚህ አካባቢ የደረሰ ማሽላ በልቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወቅቱ የማሽላ አጨዳ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ስንት ኩንታል እንደተሰፈረ ይቆጠራል፤ ስንት ዓይነት ዘር እንደጠፋ የሚቆጥር ጥቂት ነው። እኛም ከተሜዎች፣ የማሽላ እንጀራ በገበታችን ሲቀርብ ፊታችንን የምናጨማድድ፣ በዚህ ዝምታ ድርሻ አለን።

በማግስቱ ስሰናበት ለማስታወሻ ብዬ ከተሰቀሉት ራሶች አንዱን እንዲሸጡልኝ እማማን ጠየቅኳቸው።

«ይሄ አይሸጥም» አሉ። «ጎረቤት ሲቸገር ይበደራል፤ ሲደርስለት ይመልሳል። አንተ መሬት አለህ?»

«የለኝም» አልኩ።

«እንግዲያ ምን ያደርግልሃል?» አሉና የማሽላ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ሸዋ ሮቢት ሳልደርስ በልቼ ጨረስኩት።