ፍየሏን አትክሰሱ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምናገረው ስለ ዱራችን ነው፤ የምወቅሰው ግን እናንተን ነው። ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ቆላ ድረስ ተራራው በተገፈፈ ቁጥር «ፍየል ጨረሰችው» ትላላችሁ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እያላችሁም ትተርቱባታላችሁ። ትበጥሳለች፣ አልዋሻችሁም። እሷ እንደ ላም ሣር ብቻ ጠብቃ አትኖርም። በከንፈሯ ከእሾህ መሐል ቅጠል ትለቅማለች፤ በኋላ እግሯ ቆማ ላም የማትደርስበትን ቀንበጥ ታወርዳለች። በበጋ ሣሩ ደርቆ ገለባ ሲሆን ግራሩና ቁርቁራው በቅጠላቸውና በፍሬያቸው ያቆዩአታል። ይህ የተፈጠረችበት ጥበብ ነው። ስንት ፍየል፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ገደል እንደሚሰማራ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። እናንተ ግን ራሳችሁን ትታችሁ እንስሳዋን ትከሳላችሁ፤ ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ!

መፍረድ ከፈለጋችሁ ተራራው ላይ የቀረውን ተመልከቱ። ክትክታና ደደሆ በዝቶ ስታዩ «ኧረ አገሩ ለምለም ነው» ብላችሁ አትታለሉ። እነዚህን ፍየል አትወዳቸውም። የምትወደው ሁሉ ተበልቶ ሲያልቅ፣ የማትወደው ቦታውን ወርሷል። ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ፣ ሲቀርቡት ግን አንዲት ግልገል የማያጠግብ ተራራ አለ። ወይራውንም እዩት። ትልልቁ ቆሟል፤ ከሥሩ ተተኪ የለም። ካለም ጫፉ በየዓመቱ ተቀንጥቦ፣ ከጉልበት ሳያልፍ ተጨማዶ የቀረ ነው። ለጋ ይመስላችኋል፤ እንዳያድግ የተፈረደበት ሽማግሌ ነው። ተተኪ የሌለው ዱር ቆሞ ሳለ ያለቀ ዱር ነው።

አሁን ደግሞ የእጃችሁን ሥራ ልንገራችሁ። ቁጥቋጦ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ለክፉ ቀን በሥሩ ያኖራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ያኖረውን አውጥቶ አዲስ ቀንበጥ ያበቅላል። እናንተ መንጋችሁን የምትለቁበት ያን ጊዜ ነው። ያለውን ሁሉ ለስንቅ አውጥቶ መንገድ የጀመረን ሰው ደጃፉ ላይ እንደ መዝረፍ ነው። ደግሞ ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ታስበሉታላችሁ፤ በመጨረሻ ሥሩ ባዶውን ይቀራል። ያው ቁጥቋጦ አድጎ ቅጠሉ ከጠነከረ በኋላ በልክ ቢበላ ግን ያገግማል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ቅርንጫፍ ይጨምራል። ፍየሏ አንድ ናት፣ ተክሉም አንድ ነው፤ ያጠፋውም ያቆመውም የእናንተ ወርና የእናንተ ልክ ነው። ፍየላችሁ ልጥ መላጥ ስትጀምር ደግሞ ጊዜው እንዳለፈ እወቁ። ዙሪያውን የተላጠ ግንድ ምግብ ወደ ሥሩ ማውረድ ስለማይችል ይሞታል።

እረኞቻችሁንስ ምን ብላችሁ ነው የምትልኩ? ግራር ላይ ወጥተው ቅርንጫፉን አንድ ሳያስቀሩ ይጨፈጭፉታል። ቢታገሡት ፍሬው በበጋ ራሱ ረግፎ መንጋውን ይመግብ ነበር። ከፊሉም ዘር ሳይፈጭ ከበጠጥ ጋር ወጥቶ በየሜዳው ይበቅል ነበር። ፍየሏ ልትዘራላችሁ የመጣችውን እናንተ በመጥረቢያ ቀደማችኋት።

ስግብግብነታችሁን ደግሞ በስሙ ልጥራው። «ፍየሌ መንታ ወለደች» ብላችሁ እልል ትላላችሁ። አምስት ወር አርግዛ መንታ የምትጥል እንስሳ በጥቂት ዓመት ደጁን ትሞላለች። ለመንታው የሚሆነውን ቅጠልስ ማን ወለደው? ወጠጤውን አኮላሽታችሁ፣ አስብታችሁ፣ ሙክቱን በዓል ሲደርስ መሸጥ እያለ፣ ቁጥሩ እንዲወራላችሁ ብቻ ታቆዩታላችሁ። ድርቅ ሲመጣ አጥንቱ የወጣውን ጎትታችሁ ገበያ ትወርዳላችሁ፤ ያኔ የሚገዛችሁ የለም። ሞኝነት ነው፣ ከሞኝነትም በላይ በጎረቤት መኖ ላይ የተሠራ ግፍ ነው፤ ተራራው የጋራ ነውና።

በሌላ በኩል «ፍየል ከአገር ትጥፋ» የምትሉም አላችሁ። እናንተንም እገሥጻለሁ። ላም መግዛት ላልቻለች እናት ወተቷም ጥሪቷም ፍየል ናት። በቦረና ምድር ቁጥቋጦው ሣሩን ሲወርሰው የተቸገረው ከብቱ ነበር። ብዙ ሰው ወደ ፍየልና ወደ ግመል ያዘነበለው ቁጥቋጦ የሚበሉት እነሱ በመሆናቸው ነው። በልክ የተያዘች ፍየል የበዛውን ታሳሳለች፤ ልክ ያጣችው የሳሳውን ትጨርሳለች።

«ማን ነገረን?» አትበሉኝ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 456፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ከልክሎ ለዛፍና ለመኖ እንዲውል አዝዞ ነበር። ትግራይ ውስጥ የአብርሃ ወአጽብሃ ሰዎች የተራቆተ ተራራቸውን ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ አፈሩንና ውኃውን ይዘው፣ በ2004 ዓ.ም. ኢኳተር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከ መቀበል ደርሰዋል። ደንጊያቸው ከደንጊያችን አይለሰልስም፤ ዝናባቸውም ከዝናባችን አይበልጥም። የበለጡን ተስማምተው በመጽናት ነው።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የምታደርጉትን ስሙ። ተራራውን ከፍላችሁ በየተራ አሳርፉት። ዝናብ ሲጀምር ቀንበጡ እስኪጠነክር መንጋችሁን ከለጋው አርቁ። ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዳችሁ ወደ ቤት አምጡ እንጂ ፍየል አታስገቡ። ግራር ስትቆርጡ አብዛኛውን ቅርንጫፍ ተዉለት። በየቤቱ የሚያዘውን የፍየል ቁጥር በጉባኤ ወስኑ፤ የሀብታሙም መንጋ እንደ ድኻው ይቆጠር። ደንቡንም ራሳችሁ አውጡት፣ ቅጣቱንም ራሳችሁ ጻፉት።

እኔ ስንት ጠብ አስታርቄ፣ ስንት ቂም አስጥዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ደንብ በሌሊት ጥሶ የተቀጣ ሰው ግን ነገ «ሽማግሌ ላኩልኝ» ብሎ እንዳይጠራኝ። ልጄም ቢሆን አልነሣለትም።